ልጃችን መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ የእኛ ድርሻ እስከ የት ነው?

ከደረሱን የአንባቢያን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ታዳጊ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች የተጻፉ ናቸው። አንዱን የጻፈችው እናት፣ አንዱን አንዲት ታዳጊ ራሷ፣ አንዱን ደግሞ በአሜሪካ የሚኖር አባት በመሆናቸው በአንድ ዕትም ልናስተናግዳቸው ወደናል። ደብዳቤዎቹ ለአምዱ እንዲመቹ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ በሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ መረብ ኳስ ትሠለጥናለች። ሥልጠናው በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን ሜዳው ሲሚንቶ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከጉልበቷ በታች እንደሚያማት ትናገራለች፤ ደረጃ ስትወጣም ታነክሳለች። አሠልጣኟን ብጠይቀው «ይለመዳል፤ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጀምረው» አለኝ። አባቷ ደግሞ «ኳስ የት ያደርሳታል፣ ከናካቴው ትተወው» ይላል። አሠልጣኙን ሳላስቀይም፣ ልጄንም ሳልጎዳ ምን ላድርግ?
*እናት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ «ይለመዳል» የሚለውም ሆነ «ትተወው» የሚለው መልስ ልጅዎን አይጠቅማትም። በዚህ ዕድሜ አጥንት ከጡንቻና ከጅማት ቀድሞ ይረዝማል። የጭን የፊት ጡንቻ በጉልበት ሎሚ ላይ አልፎ፣ ከሎሚው ዝቅ ብላ በምትገኝ የቅልጥም ጉብታ ላይ በጅማት ይያያዛል። ጉብታዋ ገና ያልጠነከረች ስለሆነች፣ ልጅቱ በዘለለችና ባረፈች ቁጥር ጅማቱ ይጎትታታል፤ ነገሩ ሲደጋገም ታብጣለች፣ በጣት ሲነኳትም ታማለች። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት ይህ ሕመም በሚሮጡና በሚዘሉ ታዳጊዎች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንት እድገት ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ይሁን እንጂ የልጅዎ ሕመም ይኸው ነው ብሎ በደብዳቤ መፍረድ አይቻልም። ማነከሷ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው፤ ጉልበቷ ካበጠ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ከሆነ ወይም ትኩሳት ካላት ደግሞ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ሐኪሙ የተለየ ነገር ካላገኘ፣ መፍትሔው ባመዛኙ ዝላይን መቀነስ እንጂ ጨዋታን ማቆም አይደለም። የልጆች ስፖርት ሐኪሞች በሰፊው የሚመክሩት ልክ አለ፦ አንድ ልጅ በሳምንት የሚሠለጥንበት ሰዓት በዓመት ከሚቆጠረው ዕድሜው እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት እንዲኖረው። ስድስት ቀን በሲሚንቶ ላይ መዝለል ለ13 ዓመት ልጅ ብዙ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ሜዳዎቻችን ያረፈደ ወይም ኳስ ያመለጠው ልጅ በእንቁራሪት ዝላይ ይቀጣል። ይህ ልማድ ከልጆች ሜዳ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለጉልበት ከባድ ከመሆኑም በላይ፣ ዝላይን የሚያህል የጨዋታው ዋና ችሎታ ከቅጣት ጋር አያይዞ ያስጠላል።

ከአሠልጣኙ ጋር ሲነጋገሩ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ለብቻው ያግኙት። በፕሮጀክት የሚያሠለጥኑ ሰዎች ብዙዎቹ በጥቂት አበል፣ አንዳንዶቹም ያለ ምንም ክፍያ የሚደክሙ ናቸውና አመስግነው ይጀምሩ፤ ይህን የምለው ለማለዘቢያ ሳይሆን ምስጋናው ስለሚገባቸው ነው። ከዚያም «ልጄን እየጎዳሃት ነው» ከማለት ይልቅ የሚመለስ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ ሕመሙ እስኪቀልላት ድረስ መረብ ሥር ከመምታትና ከብሎክ (የተቃራኒን ምት መረብ ላይ ዘሎ ከመመከት) ወጥታ፣ እግሯ መሬት ሳይለቅ ሰርቭ (ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት) ብትለማመድ፣ በክንድ መቀበልና በጣት ማቀበል ላይ ብትሠራ ይስማማል? ከሲሚንቶው አጠገብ ሣር ወይም አፈር ካለ የዝላዩ ልምምድ ወደዚያ ሊዛወር ይችላል? መረቡስ በምን ከፍታ ነው የታሰረው? የአዋቂ ሴቶች መረብ 2.24 ሜትር፣ የወንዶቹ 2.43 ሜትር ነው። ሜዳው የወንዶች ከሆነና መረቡ ዝቅ ሳይል ትናንሽ ልጆች የሚሠለጥኑበት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ምት ከአቅማቸው በላይ ይዘላሉ፤ ትከሻቸውንም ያለ አግባብ ያጣምማሉ። መረቡን በገመድ ማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ልጅዎ ዘላ ስታርፍ በሁለት እግሯ ነው ወይስ በአንዱ? ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይገጥማሉ ወይስ ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ይላሉ? ስታርፍ ድምፁ «ጧ» የሚል ከሆነ ጉልበቷን ሳታጥፍ ነው ያረፈችው። በመረብ ኳስ ድንገት የሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ሲሆን፣ የሚደርሰውም መረብ ሥር ሌላው ተጫዋች እግር ላይ በማረፍ ነው። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ አመታትን ከማስተማሩ በፊት አስተራረፍን ያስተምራል።

የቤቱ ድርሻ ምግብና እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ሥልጠናው ጎሕ ሲቀድ ከሆነ የቤት ሥራና ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቁ አይችሉም። የምትጾም ከሆነ፣ በባዶ ሆዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ ወዲያው ሜዳ እንዳትገባ ሰዓቱን ከአሠልጣኙ ጋር ያስማሙ፤ ከጾም ምግብም ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ለውዝ በርከት ይበሉላት። የወር አበባዋ ከጀመረ በኋላ ለወራት ከቆመ ደግሞ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ እየበላች መሆኑን ያመለክታልና ሐኪም ይየው።

የአባቷ ጥያቄም ችላ የሚባል አይደለም። በሀገራችን እንደ ሙገር ሲሚንቶና ብሔራዊ አልኮል ያሉ የመረብ ኳስ ክለቦች በድርጅት ጥላ ሥር የተቋቋሙ ናቸው፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ ለሴቶች ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው። ስለዚህ ትምህርቷን አስትቶ በኳስ ብቻ ተስፋ የሚያስይዛትን ሰው፣ አሠልጣኝም ቢሆን፣ አይስሙ። ነገር ግን አባቷ አንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆሞ ልጁን ቢያይ መልካም ነው፤ ስትጫወት አይቶ የማያውቅ አባት «ትተወው» ለማለት ይቸኩላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 15 ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። መምታት እወዳለሁ፤ አሠልጣኛችን ግን «አጭር ነሽ» እያለ ሁልጊዜ አቀባይ ያደርገኛል። እናትና አባቴ እስካሁን ይደግፉኝ ነበር፤ አሁን ግን እነሱም ኳሱን ብተወው የሚሻል መስሏቸዋል። ቁመቴ ካልጨመረ ተስፋ አለኝ?
*ታዳጊ፣ ከደሴ*

መልስ፦ እህቴ፣ ጃፓናዊቷ ዮሺዬ ታኬሺታ ቁመቷ 1 ሜትር ከ59 ነበር፤ ካንቺ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ሻምፒዮና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች፤ በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ደግሞ ከሀገሯ ቡድን ጋር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። ቦታዋ አቀባይነት ነበር። በቡድን ውስጥ ሁለተኛውን ኳስ አብዛኛውን ጊዜ የምትነካው አቀባይዋ ስለሆነች፣ ማን እንደሚመታና ከየት እንደሚመታ የምትወስነውም እሷ ናት። አሠልጣኝሽ በዚህ ቦታ ያቆመሽ ንቆሽ ላይሆን ይችላል።

በሌላ በኩል «አጭር ነሽ» ብሎ የ15 ዓመት ልጅን በአንድ ቦታ ቆልፎ ማስቀረት ተገቢ አይመስለኝም፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ተጫዋች በሁሉም ቦታ እየተዘዋወረ መልመድ አለበት። «እንድመታ ፍቀድልኝ» ከማለት ይልቅ «በሳምንት አንድ ቀን በሌላ ቦታ ልለማመድ?» ብለሽ ጠይቂው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሕግ የገባችው ሊቤሮም አለች፤ ከኋላ መስመር ብቻ የምትጫወት፣ ሰርቭና ምት የምትቀበል፣ ከመረብ በላይ ያለን ኳስ መምታትም ሆነ ብሎክ ማድረግ የማይፈቀድላት ተጫዋች ናት። በዚህ ቦታ ቁመት ሳይሆን የእግር ፍጥነት ነው የሚፈለገው።

እስከዚያው ግድግዳ አለሽ። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ ቁሚና ኳሱን በጣቶችሽ ከግንባርሽ በላይ እየተቀበልሽ መልሺ፤ መዳፍሽ ኳሱን ከነካው ድምፁ ይነግርሻል፤ በጣቶች የተነካ ኳስ ድምፅ የለውም። በክንድ ስትለማመጂ ደግሞ ክንድሽን ከመወርወርሽ በፊት እግርሽ ኳሱ ሥር ይድረስ። ብዙ ልጆች ኳስ የሚያመልጣቸው ክንዳቸው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን እግራቸው ስለዘገየ ነው። ለወላጆችሽም ይህን አሳዪያቸው፤ አንድ ሰው ኳሱን እየወረወረልሽ ቢያለማምድሽ ከግድግዳው ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤትም በክለብም ትጫወታለች። ለክለቡ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር እከፍላለሁ፤ ሀሳቤ በኳስ ስኮላርሺፕ ኮሌጅ እንድትገባ ነው። በጨዋታ ጊዜ ከመቀመጫዬ ስመክራት ትቆጣለች፤ በመኪና ስንመለስም አትናገርም። አሠልጣኟም በቂ ጊዜ አያሰልፋትም። ምን ይሻለኛል?
*አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመቀመጫ የሚሰጥ ምክር ቢበዛ ግማሹ ነው ለልጁ ጆሮ የሚደርሰው፤ የሚደርሰውም ከአሠልጣኙ ትዕዛዝ ጋር ይጋጫል። ሰርቭ ልትቀበል የተዘጋጀች ልጅ ዓይኗ ኳሱ ላይ መሆን ሲገባው አባቷን ትፈልጋለች። ስለዚህ ቡድኑን በጠቅላላው ያበረታቱ፤ ስሟን እየጠሩ አያርሟት። በመኪና ውስጥም ጨዋታውን እሷ ካላነሳችው አያንሱት፤ «ራበሽ?» ማለት ይበቃል።

አባት ለተጫዋች ልጁ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት የአሜሪካዊው መረብ ኳስ ተጫዋች የካርች ኪራይ ታሪክ ይጠቅማል። አባቱ ላዝሎ ለሀንጋሪ ወጣቶች ብሔራዊ ቡድን የተጫወተና እ.ኤ.አ. ከ1956ቱ የሀንጋሪ አመፅ በኋላ ተሰዶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። ልጁን በስድስት ዓመቱ ኳስ ማስያዝ ጀመረ፤ በ11 ዓመቱ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ውድድር አጋሩ አድርጎት አብሮ ገባ። ልጁ በ1984ና በ1988 በአዳራሽ፣ በ1996 በባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ አሠልጣኝ ሆኖም የአሜሪካን ሴቶች ቡድን በቶኪዮ ለወርቅ አበቃ። እኔን የሚስበኝ ሜዳሊያው አይደለም፤ አባትየው ከዳር ቆሞ ከመጮህ ይልቅ በአሸዋው ላይ አብሮ መቆሙ ነው። እርስዎ ተጫዋች ካልነበሩ እንኳ ጓሮ ወጥተው ኳስ ሊወረውሩላት ይችላሉ።

የመሰለፍ ጊዜን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ልጅዎ ራሷ ትሁን። የ14 ዓመት ልጅ «የበለጠ ለመሰለፍ ምን ማሻሻል አለብኝ?» ብላ አሠልጣኟን መጠየቅ ትችላለች፤ በኋላም የኮሌጅ አሠልጣኞች የሚመለከቱት ይህንኑ ነው። እርስዎ የሚገቡት ስለ ደኅንነቷ፣ ስለ ክብሯ ወይም ስለ ገንዘብዎ ሲሆን ነው፤ ያም ቢሆን በጨዋታው ዕለት ሳይሆን በማግስቱ በቀጠሮ ይሁን።

ስለ ስኮላርሺፑ፣ ሂሳቡን ረጋ ብለው ይሥሩት። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት በሚያስተዳድረው ማኅበር በኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ የመጀመሪያው ዲቪዚዮን (ከፍተኛው የውድድር ደረጃ) የሴቶች መረብ ኳስ አሠልጣኞች ተጫዋቿን በቀጥታ ማነጋገር የሚጀምሩት 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቀች በኋላ ካለው ጁን 15 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ በ9ኛ ክፍል ስልክ አልተደወለልንም ብለው አይጨነቁ። እ.ኤ.አ. ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ፣ ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈልን የሚፈቅደውን አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድናቸው ቁጥር ከ18 እንዳያልፍ ተወስኖ፣ ስኮላርሺፑን በሙሉ ወይም ከፋፍለው መስጠት ይችላሉ። ሦስተኛው ዲቪዚዮን ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ እዚያ የሚያግዛት ውጤቷና የቤተሰቡ ገቢ ነው። በሁለቱም በኩል የክፍል ውጤቷ ይቆጠራል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መረብ ኳስ የሚጫወቱ ልጃገረዶች ከ450 ሺህ በላይ ናቸው፤ በክለብ የሚከፍሉትን ገንዘብ በኋላ በስኮላርሺፕ የሚመለስ ብድር አድርጎ መቁጠር ልጅቱን የማትችለውን ዕዳ ማሸከም ይሆናል።

ለሚቀጥለው ዓመት ከክለቡ ጋር ከመፈረምዎ በፊት ግን በአንድ ቡድን ስንት ልጆች እንደሚመዘገቡ፣ የጉዞና የሆቴል ወጪ በክፍያው ውስጥ መካተቱን፣ ብትጎዳ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም እንደማይመለስ፣ በዓመት ውስጥ ከኳስ የምታርፍባቸው ሳምንታት መኖራቸውንም በጽሑፍ ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ውድድር በመኸር ሲያልቅ የክለቡ ወዲያው የሚቀጥል ከሆነ፣ ትከሻዋ ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት አያገኝም።