ሥራዬን ለቅቄ ላገልግል ወይስ ስሜት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። 29 ዓመቴ ነው፣ ያደግኩት ጎጃም ነው፣ በ11 ዓመቴ ዲቁና ተቀብዬ ሳገለግል ነበር። ከዛ አዲስ አበባ መጣሁ፣ አካውንቲንግ ተማርኩ፣ አሁን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምሰራው፣ መቅደስ ገብቼ ሳላገለግል ግን 9 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ፍልሰታ ላስቀድስ ሄጄ አንድ ዲያቆን ጎድሎ ቅዳሴው ሳይጀመር ሲዘገይ አየሁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሪዛይን አድርጌ ሙሉ ጊዜዬን ላገልግል ብዬ ነበር፣ ግን እናቴን የምጦራት እኔ ነኝ፣ እጮኛም አለችኝ። ይሄ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ወይስ ስሜት?

መልስ፦ ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን። ጥያቄህን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ዲያቆን ጎደለ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ዘንድሮ ከየት ይገኛል። አንተ ደሞ ነገሩ ይገባሃል፣ ሁለት ቄስ ሶስት ዲያቆን ካልተሟላ አይቀደስም፣ አምስተኛው እስኪመጣ አራቱም ህዝቡም ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

ስሜት ነው ወይ ላልከው እኔ ስሜትን አልንቅም፣ ግን ሳሙኤልን አስበው (1ኛ ሳሙ 3)። ብላቴናው ድምፅ ሲሰማ ሶስቴም የሮጠው ወደ ካህኑ ዔሊ ነው፣ ጠሪው እግዚአብሔር መሆኑን ያወቀው ዔሊ ነው፣ ዔሊ እኮ አይኑ ደክሟል፣ ልጆቹም ተበላሽተውበታል፣ ሳሙኤል ግን ሄደ። ያንተ ጥያቄ ውስጥ ድርጅትህ አለ፣ እናትህ አሉ፣ እጮኛህ አለች፣ የንስሐ አባትህ ግን የሉም።

እዚህ ጋ በግልፅ ልንገርህ። 9 ዓመት እንዴት እንደኖርክ ለኔ አትንገረኝ፣ ለሳቸው ግን ምንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ዲቁና ድንግልና የሚጠበቅበት ክህነት ነው፣ ፈርሶ ከሆነ ሰው አላየኝም ተብሎ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ መቅደስ አይገባም፣ ንስሐ ገብተህ ሰንበት ትምህርት ቤት ህፃናቱን ውዳሴ ማርያም ብታስተምር ከዚህ የሚያንስ አገልግሎት አይደለም። ካልፈረሰ ደሞ እሰየው፣ እጮኛህ እንቅፋት አትሆንብህም፣ በተክሊል አግብተህ ቅስናም ትቀበላለህ። መጀመሪያ ጋብቻ ነው፣ ከቅስና በኋላ ጋብቻ እንደሌለ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ልብህ ያሰበውን እሷም ካሁኑ ትስማ፣ የቄስ ሚስት መሆን ለሷም ጥሪ ነው።

ሥራ መልቀቁን ግን አልደግፍም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው (ሐዋ 18፥3)፣ ለገዛ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ያለውም እሱ ነው (1ኛ ጢሞ 5፥8)። እናትህ በየወሩ የምትልክላቸውን ይጠብቃሉ አይደል። አብሬው ያገለገልኩት አንድ ዲያቆን መምህር ነበር፣ ከሰኞ እስከ አርብ ጠመኔ በእጁ፣ ቅዳሜ ማታ ደሞ ቤተልሔም (የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት) ገብቶ ዘቢቡን ያጥባል፣ ዱቄቱን ያቦካል፣ ሰኞ ጠዋት ክላስ ሲገባ ጃኬቱ ገና ዕጣን ዕጣን ይሸታል፣ ተማሪዎቹም በዛ ሽታ ነው የሚያውቁት።

ደሞ አካውንታንትነትህን ለምን ከአገልግሎት አውጥተህ ታየዋለህ? ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት እኮ የመበለቶች የዕለት ምግብ ስለጎደለ፣ ክፍፍሉን የሚያስተካክል ሰው ስላስፈለገ ነው (ሐዋ 6)፣ እስጢፋኖስም ከነሱ አንዱ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር፣ ደረሰኝ ሲመዘገብ፣ የነዳያን እርዳታ ሲከፋፈል ታማኝና ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ለሰበካ ጉባኤው እዚህ አለሁ በላቸው። ዜማው ከአፍህ ጠፍቶ ከሆነም አትፈር፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠህ ከልስ።

ሳሙኤል በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣውን ከባድ ፍርድ ሌሊት ከሰማ በኋላ ሲነጋ ምን አደረገ መሰለህ፣ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ (3፥15)፣ ትናንትም የሚሰራውን ማለት ነው። አንተም ገና ደሞዝህን ሳትነካ ቅዳሜ ከሰርክ ጸሎት በኋላ የንስሐ አባትህን ደጅ ላይ ጠብቃቸው። ያሉህን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።