በልጅነታችሁ ካንሰር ታክማችሁ የዳናችሁ፣ ስለ ጉበታችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከልጅነት ካንሰር የዳኑ ሰዎችን በሚከታተል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ስለ ጉበትና ስለ ሄፓታይተስ ሲ (በደም የሚተላለፍ፣ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው) በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1988 እዚሁ አሜሪካ የደም ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ። ምንም አያመኝም። ለምን ልመርመር?

መልስ፦ ምንም ስለማያምህ ነው ወንድሜ። ሄፓታይተስ ሲ ሃያ ሰላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ጉበትን ሊያጠቃ ይችላል። ተለይቶ የታወቀው በ1989 ነው። የአሜሪካ ደም ባንኮች ምርመራ የጀመሩት በ1990 ሲሆን የተሻለው ምርመራ የመጣው በ1992 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ደም የወሰደ ሁሉ ቢያንስ አንዴ መመርመር አለበት። የደም ካንሰር የታከመ ልጅ ደግሞ ደም ሳይወስድ የሚያልፈው ስንቱ ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ ግን «ደም አልተሰጠሽም» ትለኛለች።

መልስ፦ እናትሽ አልዋሹም። ብዙ ወላጅ ደም የሚለው ቀዩን ብቻ ነው። ፕላትሌትና ፕላዝማ ግን ቢጫ ነገር ናቸው፣ ከረጢቱ ሲንጠለጠል ግሉኮስ ሊመስል ይችላል። እነሱም ከሰው ደም ነው የሚወጡት። የታከምሽበትን ሆስፒታል የሕክምና ማጠቃለያሽን ጠይቂ። ካልተገኘ ግን ፋይል ፍለጋ ጊዜ አታባክኚ፣ ዝም ብለሽ ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ የታከመው በቅርቡ አዲስ አበባ ነው። ይህ እኛን አይመለከትም አይደል?

መልስ፦ 1992 የአሜሪካ መስመር ነው፣ ለሁሉም አገር አይሠራም። ደም ወስዶ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። ደግሞ ጉበትን የሚጎዳው ቫይረስ ብቻ አይደለም። ሜቶትሬክሴትና መርካፕቶፑሪን የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች፣ ሆድ ላይ የተሰጠ ጨረር፣ ብዙ ደም ሲወሰድ ጉበት ውስጥ የሚጠራቀም ብረት፣ እነዚህም አሉ። ብረቱን ለማወቅ ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ ይታያል።

ጥያቄ፦ የጉበት ምርመራዬ ኖርማል ነው። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ቫይረሱ እያለም ኖርማል ሊሆን ይችላል። የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ለብቻው ይታዘዝ።

ጥያቄ፦ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ተባልኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ነገር ነው፤ ተገኘ ማለት አንድ ጊዜ ቫይረሱ አግኝቶሻል ማለት ነው፣ አሁን አለብሽ ማለት አይደለም። ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገው የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው፣ እሱን አሠሪ። ካለም ይድናል! ድሮ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር፣ ለወራት ሰውን አድክሞ ብዙዎችን ሳያድን ይቀር ነበር። አሁን አብዛኛው ሰው 8 ወይም 12 ሳምንት ክኒን ይውጣል፣ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ግን ሄፓታይተስ ቢ ይመርመር፤ ቢ ካለ፣ ሲ ሲጠፋ እሱ ሊነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ መብላት አቁሜያለሁ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ተመለሺ! በትሪ፣ በጉርሻ፣ በመሳም አይተላለፍም። በደም ነው። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ብቻ ለይ።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት የወፍ በሽታ መድኃኒት ተልኮልኛል። ልጠጣው?

መልስ፦ አትጠጣው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ አይታወቅም፣ የተጎዳ ጉበት ደግሞ ሌላ ሸክም አይችልም። አልኮልም ይቅርብህ። ይልቅ የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባት ውሰድ፣ ለሲ እስካሁን ክትባት የለም።

ጥያቄ፦ ክኒኑን ጨርሼ ድነሃል ተባልኩ። ክትትል ላቁም?

መልስ፦ ጉበትህ ጠባሳ ይዞ ሲሮሲስ ደርሶ ከሆነ አታቁም፤ የጉበት ካንሰር ቶሎ እንዲገኝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልግሃል። ሌላ ሐኪም ዘንድ አንቲቦዲህ ፖዘቲቭ ቢወጣ አትደንግጥ፣ ከዳንክ በኋላም እዚያው ይቆያል። መታከምህን ንገራቸውና አር ኤን ኤ ይዩልህ።