የጤና መድህኑን ላድስ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሀይቅ ነው። ጀበና ቡና ሸጬ ነው የማድረው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱ ትንንሽ ናቸው፣ ትልቁ 20 ሞልቶት የቀን ሥራ ይሠራል። ጤና መድህን ከገባሁ ቆየሁ። አምና ትንሿ ልጄ የሳንባ ምች ያዛትና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርዱም ምርመራውም በነጻ ነው፣ አልዋሽም። መድኃኒቱን ግን «የለም፣ ውጭ ግዢ» አሉኝ። ተበድሬ ገዛሁ። አሁን ማደሻው ደረሰ፣ መዋጮውም ጨመረ። ለትልቁ ልጅሽ ለብቻ ክፈይ ተባልኩ። ጎረቤቴ በነጻ ተመዝግባለች፤ እኔ ስጠይቅ «አንቺማ ሠርተሽ ታድሪያለሽ» አሉኝ። ታዲያ ብተወውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። አድሺ። ይህን የምልሽ ግን ቅሬታሽን ለማድበስበስ አይደለም። ቅሬታሽ እውነት ነው። ሰው ከጤና መድህን ሲቀር «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚሉ ስብሰባዎች ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ፤ ያንን ንግግር ተቀብዬው አላውቅም። አንቺ ግንዛቤ አላጣሽም። ያጣሽው መድኃኒት ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። መድህን ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አውቀዋለሁ። እናቲቱ ልጇን አዝላ ትመጣለች። እኔ ማዘዣውን ስጽፍ እሷ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ብሯን ትቆጥራለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ግማሹን ብቻ ብገዛው አያድናትም?» ትለኛለች። የሳንባ ምች መድኃኒት በግማሽ አይሆንም። አንዳንዷም ከቀበሌ የተጻፈ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ ወረቀቱን ለማግኘት ስትመላለስ ልጁ ይብስበታል።

አንቺ ያለሽበት ተሁለደሬ ይህን ለመለወጥ ቀድመው ከተመረጡት አንዱ ነው። በ2003 ዓ.ም. ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የገቡት ሦስት ነበሩ፤ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር። በሙከራ ወረዳዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ቤተሰብ 41 ያህሉ ገባ። ከገቡት ውስጥ 82 በመቶው በቀጣዩ ዓመት አደሰ። በፈቃድ የሚገባበት ነገር ሆኖ፣ ያውም በድሃ ገበሬ መንደር፣ ይህ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ለምን ቤተሰቡ በሙሉ? የታመመው ብቻ ቢከፍልስ?» የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቅሬን፣ ማለትም እድራችንን አስቢው። ቅሬ የሚገባው ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ማንን ይቀብር ነበር? መዋጮው ወረዳው ላይ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ቋቱ ለታመመው ይከፍላል። የታመመ ብቻ ከተመዘገበ በዓመቱ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ አባልነትን የቤተሰብ አደረገው፤ ባልና ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አብረው። ትልቁ ልጅሽ 18 ስላለፈው ነው ተጨማሪ ክፍያ የተጠየቀበት። አሠራሩ ይኸው ነው፣ አንቺን ብቻ አልለዩም።

የጎረቤትሽ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። መክፈል የማይችሉ የሚባሉትን መዋጯቸውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። የሚመረጡት በቀበሌ ነው። የሚመረጠው ሰው ብዛት ግን በድሃው ቁጥር ልክ አይደለም፤ በጀት በቻለው ልክ ነው። ከድሃም ድሃ የሆነችው ትገባለች፤ ከእሷ በአንድ እርከን ከፍ ያልሽው አንቺ ከባለሱቁ ጋር ትቆጠሪያለሽ። ጀበናሽ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲበዛ ሀብታም፣ ዝናብ ሲውል ችግረኛ የሆነች ሴት የትኛው መዝገብ ላይ ትጻፍ? እኔ ብጠየቅ መንግሥት ገንዘቡን መጀመሪያ ማዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ለመሃለኛው ድሃ ሙሉውን ባይሆን ግማሹን ቢደጉም ብዙ ቤተሰብ አይወጣም ነበር።

ድጎማና ሌላ ድጋፍ ሲገናኙ ለውጥ እንደሚያመጡ ደግሞ ታይቷል። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረገ ጥናት፣ ሴፍቲኔት በሚባለው የመንግሥት የድሃ ቤተሰብ ድጋፍ ውስጥ መሆን ቤተሰቡ መድህን የመግባት ዕድሉን በ24 የመቶኛ ነጥብ ከፍ እንዳደረገው አሳይቷል። እርግጥ አንዳንድ ቦታ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች እንዲገቡ ግፊት ይደረግባቸው ነበር። ያ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም እጇ ላይ ትንሽ ገንዘብ ያላት ሴት እንደምትገባ ያሳያል። የምዝገባው ወቅት ከአዝመራ በኋላ የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ ገበሬው እህል ሸጦ ብር የሚይዝበት ጊዜ ነው። አንቺ ግን አዝመራ የለሽም። ስለዚህ ከወዲሁ ከሳምንት ሽያጭሽ ጥቂት ጥቂት ለይተሽ አስቀምጪ። ቀነ ገደቡ ካለፈ መሃል ላይ ለመግባት ትቸገሪያለሽ።

ስለ መድኃኒቱ። ጤና ጣቢያ የሚገዛው ባለው ገንዘብ ነው። መድህኑ ያከመበትን ቶሎ ካልከፈለው ግዢው ይዘገያል፤ አቅራቢው ጋም መድኃኒቱ የማይገኝበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር ደግሞ በ2014 የጦርነት ወራት በደቡብና በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተሰባብረው ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን አባል ሆና ከፍላ «ውጭ ግዢ» የተባለች እናት ምክንያቱን አትበላውም። ዓመቱን ሙሉ የከፈለችለትን ያጣችው እሷ ናት። መዋጮ ሲጨምር መድኃኒቱም መጨመር አለበት፤ ካልሆነ ሰው ይወጣል፣ መብቱም ነው።

እና ምን ታደርጊ? ማዘዣውንና የፋርማሲውን ደረሰኝ ይዘሽ ወረዳው ጤና መድህን ቢሮ ሂጂ። ለአባል ካልቀረበ መድኃኒት ገንዘቡ ይመለስልኝ እንደሆነ ጠይቂ፤ ባይመለስ እንኳ አቤቱታሽ ይመዝገብ። የአባላት ጉባኤ ሲጠራ አትቅሪ፤ ከቡና ደንበኞችሽ አባል የሆኑትን ይዘሽ ሂጂ። ሴቶች እዚያ ተነስተው ሲናገሩ ይደመጣሉ፤ አይቻለሁ። መክፈል ከማይችሉት ዝርዝር ለመግባትም ምርጫው ከመደረጉ በፊት አመልክቺ፤ የስም ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ሳይሆን።

አንድ ሌላ ነገር። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና አባል ሆንሽም አልሆንሽም ነጻ ነው። ለእነዚህ ክፈይ ብትባዪ አትክፈዪ፣ ኃላፊውን ጥሪ። ሆስፒታል የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘሽ ሂጂ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ወጪው በሙሉ ላይሸፈንልሽ ይችላል።

ለልጅሽም ቢሆን ክፈዪለት። የቀን ሠራተኛ ነው፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ላይ ይውላል። የእሱን መዋጮ እሱ ራሱ ከደሞዙ ያግዝሽ፤ 20 ዓመት ሞልቶታል፣ ንገሪው።