የወረዳ ምክር ቤት አባል ሲያጠፋ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። የመረጥነው የወረዳ ምክር ቤት አባል «የይዞታ ካርታችሁን አስጨርስላችኋለሁ» እያለ ከጎረቤቶቻችን ገንዘብ ይጠይቃል። ለማን እናመልክት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መንገዱ አንድ አይደለም። ገንዘብ መጠየቁ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊያስጠይቅ ስለሚችል ለፖሊስ ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርባል። ምክር ቤቱ በአባሉ ላይ የሥነ ምግባር እርምጃ ቢወስድም ወንጀሉን መርምሮ መቅጣት አይችልም። ብዙ አቤቱታ መና የሚቀረው እነዚህ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

ለምክር ቤቱ የምትጽፉት ማመልከቻ ለአፈ ጉባኤው ይሁን። «ሌባ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስም ማጥፋት ሆኖ ይመለስባችኋል። እንዲህ ይሻላል፦ «መጋቢት 4 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ 20 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ እገሌና እገሊት ሰምተዋል»። የምስክሮች ስልክ ይግባበት። በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱን በመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ያለ እሱ «አልደረሰንም» ስትባሉ መከራከሪያ የላችሁም። ማስረጃ ለማግኘት ብላችሁ ግን ገንዘቡን በራሳችሁ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ለፖሊስ ንገሩ።

ሰውዬው በወረዳው ተቀጥሮ የሚሠራም ከሆነ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ለብቻው አመልክቱ። ከምክር ቤት ወንበሩ ማንሳት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት እምነት ያጣው መራጭ ሕዝብ ተወካዩን ማንሳት ይችላል።

መበቀልን የሚፈሩ ምስክሮች ካሉ፣ ስለ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 699/2003 ጠቅሰው ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ።