የሰራተኛ ክሊኒኩን ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ 900 ገደማ ሰራተኛ ያለው የማምረቻ ድርጅት ውስጥ ኤችአር ላይ ነው የምሰራው። ግቢያችን ውስጥ ክሊኒክ ልንከፍት ነው፣ የውጭ ድርጅት ያስተዳድርልን ተብሎ ጨረታ አወጣንና ሶስት ተወዳዳሪ ገባ። አንዱ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ያንሳል፣ አንዱ የራሱ ሆስፒታል አለው፣ ሶስተኛው ደሞ በሁለት አመት ውስጥ ወጪያችሁን ትመልሳላችሁ ብሎ በግራፍ ምናምን አሳየን። አለቃዬ ርካሹን ያዢና ጨርሺ ነው የሚለኝ፣ በዛ ላይ ሲክ ሊቭ (የህመም ፈቃድ) የሚያበዙትን ክሊኒኩ እንዲያጣራልን ኮንትራቱ ላይ ይግባ ብሏል። የህክምና ሰው አይደለሁም፣ ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ከተበላሸ ሌላውን በደንብ ብትመርጪም ዋጋ የለውም። ሲክ ሊቭ የማጣራት ስራ ክሊኒኩ ላይ እንዳትጭኑ። ዶክተሩ ያከመውን ሰው እረፍት ያስፈልገዋል ብሎ ቢፅፍ ያ ስራው ነው፣ የቀረውን ሰው ሁሉ እውነት አሞት ነው ወይ እያለ ለአለቃ ማጣራት ግን ሌላ ነገር ነው። አይኤልኦ፣ የአለም የስራ ድርጅት ማለት ነው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስራ ላይ ጤና አገልግሎት ስምምነት ቁጥር 161 አለ፣ አንቀፅ 15 ላይ ባለሙያዎቹ ሰራተኛ የቀረበትን ምክንያት እንዲያረጋግጡ በአሰሪው ሊጠየቁ አይገባም ይላል፣ አንቀፅ 10 ደሞ ከአሰሪውም ከሰራተኛውም ነፃ ሆነው ይስሩ ይላል። ስምምነቱን እንኳን ተይው፣ ሰራተኛው አንዴ ዶክተሩ የአለቃ ጆሮ ነው ካለ ግፊቱንም ስኳሩንም ደብቆ ውጪ ይታከማል፣ እናንተ በየወሩ ለባዶ ክፍል ትከፍላላችሁ።

ስለዚህ ሶስቱንም ለየብቻ አስቀምጪና አንድ ነገር ጠይቂያቸው፣ "የአንድ ሰራተኛ ካርድ ላይ ያለውን ልወቅ ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ?" በያቸው። "እንደፈለጋችሁ፣ ደንበኛ ናችሁ" ያለሽን እዛው ሸኚው። ትክክለኛው መልስ ይሄ ሰው ለዚህ ስራ ብቁ ነው፣ አይደለም፣ ወይም ከባድ እቃ እንዳያነሳ የሚለውን ብቻ እንነግራችኋለን፣ ከዛ ውጪ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ነው የምንሰጠው የሚል ነው። ጠቅላላ ቁጥሩም ቢሆን ወጥመድ አለው፣ አራት ሰው ባለበት ክፍል አንድ የስኳር ታማሚ አለ ተብሎ ሪፖርት ከመጣ ስሙን ከመጥራት አይለይም፣ ስለዚህ ለምሳሌ ከ10 ሰው በታች የሆነ ክፍል ለብቻው ሪፖርት አይደረግም ብላችሁ ኮንትራቱ ላይ ፃፉት።

ወደ ርካሹ ስንመጣ፣ የክሊኒክ ወጪ በአብዛኛው የሰው ደሞዝ ነው፣ በጣም ከወረደ የሆነ ቦታ ሰው ወይ ሰአት ቀንሰዋል ማለት ነው። ዋጋውን ይዘርዝሩልሽ፣ ዶክተር በሳምንት ስንት ሰአት ይገኛል፣ የማታ ሽፍት ማን አለ፣ መድሀኒትና ላብራቶሪ ውስጡ አለ ወይስ ኋላ ለብቻ ይጠየቃል? የአከፋፈሉንም አይነት እይው፣ በታካሚ ቁጥር የሚከፈለው ሰው በተመላለሰ ቁጥር ያተርፋል፣ በሰራተኛ ቁጥር በወር ቁርጥ የሚከፈለው ደሞ ሰው ባልመጣ ቁጥር ያተርፋል፣ ወጪውን በደረሰኝ አስከፍሎ የማስተዳደሪያ ክፍያ የሚጨምረው ግልፅ ነው ግን እሱም ወጪ ለመቀነስ ብዙ አይጨነቅም። ከክፉ የፀዳ የለም፣ የቱን እንደያዝሽ ካወቅሽ ግን ምን እንደምትቆጣጠሪ ታውቂያለሽ።

ደሞ ፕሬዘንቴሽን ያቀረቡት ሰዎች ክሊኒኩ ውስጥ አይቀመጡም እኮ! የሚቀመጡትን ዶክተርና ነርስ በስም ያቅርቡ፣ ሲቪያቸውን ተመልከቺ፣ አናግሪያቸው፣ ቢለቁ በስንት ቀን እንደሚተኩ ይፃፍ። ነርሷ በየሶስት ወሩ የምትቀየርበት ክሊኒክ ሰው አይለምደውም። ሌላው፣ ማምረቻ ስለሆናችሁ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት "ወርክሾፑን ልይ" ያለ አለ? ድምፁን፣ አቧራውን፣ ኬሚካሉን ሳያይ ዋጋ የሰጠ ድርጅት የስራ ላይ ጤና ሳይሆን ጉንፋን ሊያክም ነው የመጣው፣ እኔ ብሆን ይሄን ብቻ አይቼ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

ሆስፒታል ያለው መጥፎ ነው አልልም፣ ላብራቶሪና ስፔሻሊስት ቶሎ ይገኛል። ግን ሪፈራል ሁሉ ወደ ራሱ ቤት እንዳይሄድ ታካሚው የፈለገበት ይሄዳል የሚል አንቀፅ ይግባና ማን የት እንደተላከ በጥቅል በየሩብ አመቱ ሪፖርት ይቅረብ።

ግራፍ ያሳያችሁን ደሞ "ከማን ጋር አወዳድራችሁ ነው?" በይው። ዘንድሮ በጣም የታመመና ብዙ ያስወጣ ሰው በቀጣዩ አመት ብዙ ጊዜ ክሊኒክ ኖረም አልኖረም ወጪው ይቀንሳል፣ እሱን የኛ ስራ ነው ብሎ መቁጠር ቀላል ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ጃማ የተባለው የህክምና መፅሄት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነበር፣ 33 ሺህ ገደማ ሰራተኛ ባለው የችርቻሮ ድርጅት በእጣ በተመረጡ ቅርንጫፎች የጤና ፕሮግራም ሰጥተው ከ18 ወር በኋላ ሲያዩ ሰዎቹ ስፖርት ጀመርን አሉ እንጂ በግፊትም፣ በህክምና ወጪም፣ በመቅረትም ከሌሎቹ ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም። እርግጥ እሱ ክሊኒክ አይደለም፣ ግን በሁለት አመት እንመልሳለን የሚል ሰው ሲመጣ አስታውሺው፣ በእርግጥ ካመኑበት ከክፍያቸው የተወሰነውን በውጤት ላይ ያስይዙ።

መውጫውንም አሁኑኑ ተስማሙ፣ ሲጣሉ አይሆንም። ኮንትራቱ ሲያልቅ የታካሚዎቹ መዝገብ በሌላ ሲስተም በሚነበብ መልክ ለሚተካው ክሊኒክ ይተላለፍ፣ ለናንተ ኤችአር ግን አይደለም! ሪፈረንስ ስትጠይቂ ደሞ አሁን የሚሰሩላቸውን ብቻ ሳይሆን ትቷቸው የሄደ ደንበኛ ስጡኝ በያቸው፣ የለም ካሉ ራስሽ ፈልጊ።

ለአለቃሽ የቴክኒኩ ነጥብ (ከዋጋ ውጪ ያለው የአገልግሎት ጥራት ነጥብ) ሳይዘጋ የዋጋው ፖስታ ባይከፈት ይሻላል በይው፣ አንዴ ቁጥሩን ካየ አይሰማሽም። የሲክ ሊቩን ነገር ደሞ ከክሊኒኩ አውጥተሽ ራስሽ ያዢው፣ መጀመሪያ የትኛው ሽፍትና የትኛው ክፍል ላይ እንደሚበዛ እይ፣ አንድ ክፍል ላይ ከተጠራቀመ የዛን ክፍል ሃላፊ ወይም ስራውን መመርመር ይቀድማል።