«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ»፦ ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች

ከውጭ አገር ከመጣ አንድ ሚስዮናዊ የሐኪም ቤተሰብ ጋር ነርስም አስተርጓሚም ሆኜ የምሥራቅ ጎጃምን ገጠር ለዓመታት ዞሬአለሁ። ይህን ባለፈው ከጻፍኩ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። አንዳንዱ ከባለሙያ፣ አንዳንዱ ከገበሬ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ ከአሜሪካ ነው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

«ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ የውጭ ሐኪም ከነቤተሰቡ መጥቶ በሳምንት ሁለት ቀን ቀበሌ ለቀበሌ እናክማለን። አማርኛ ገና እየተማረ ነው። በሽተኛው ብዙ ያወራል፣ እኔ በሁለት ቃል እጨርሰዋለሁ። ዶክተሩ ‹ሌላስ ምን አለ?› እያለ ያፋጥጠኛል። ምን ላድርግ?»

ዶክተሩ እውነቱን ነው፣ እህቴ። እኔም ስጀምር እንዲሁ አሳጥር ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት «ልቤን ያቃጥለኛል» አሉ። «ልባቸውን ያማቸዋል» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። የአዛውንቱ እጅ ግን ያረፈው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ነበር። ሕመማቸው ጨጓራ ነበር። በገጠራችን «ልቤን» ያለ ሰው ሁልጊዜ ልቡን ማለቱ አይደለም። «ብርድ መታኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሳል ሊሆን ይችላል። ሲሸኑ ማቃጠልም ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚያፍርበትን ሁሉ ብርድ ውስጥ ይሸሽገዋል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ አስተላልፊ። ከዚያ «እስኪ በእጅዎ ያሳዩኝ» በይ። እጅ አይዋሽም።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ፈረንጁ «ጠዋት 8 ሰዓት ትዋጠው» ሲል የእኛን 2 ሰዓት ማለቱ ነው። እንዳለ ካስተላለፍሽው ሴትዮዋ መድኃኒቷን የምትውጠው ከቀትር በኋላ ነው።

ጾሙንም አስረጂው። «ከቁርስ በኋላ» የሚል ትእዛዝ ሁዳዴ ላይ ትርጉም የለውም። እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ክኒኑን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በአባይ በረሃ በኩል ወባ ስናክም ይህ ብዙ አስቸግሮናል። ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ሐኪሙ «ከወተት ጋር» ይላል፤ ጾመኛው ዝም ይላል። የኑግ ዘይት ያለው ሽሮ ችግሩን ይፈታዋል። ሰዓቱን በሚመለከት ግን ወባ 9 ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቅም። የንስሐ አባታቸውን እዚያው አስጠሩ። እኔ የማውቃቸው ካህናት በሽተኛን ሳይፈቱ ቀርተው አያውቁም።

«ከቢቸና ነው። እናቴ ዓይናቸው ፀጉር አብቅሏል። ከሚስዮኖች ጋር የመጣ ቡድን በነፃ እንሠራላቸዋለን ይላል። አባቴ ግን ‹ሃይማኖታችንን ሊያስቀይሩን ነው› ብለው እንቢ አሉ። ምን ልበላቸው?»

አባትህን አትቆጣቸው። ፍርሃታቸው ሥር አለው። ከካቶሊክ ሚስዮኖች አንዱ የነበረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች 1618 እዚሁ ጎጃም፣ ሰከላ ላይ ቆሞ የግዮንን (የአባይን) ምንጭ ያየ ሰው ነው። አፄ ሱስንዮስ በእነዚያ ሚስዮኖች ትምህርት ካቶሊክ ሆኑ፣ አገር በደም ታጠበ፣ በ1632 (በፈረንጆች) ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ይህ ታሪክ ጎጃም ውስጥ ዛሬም ይወራል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብም የመጣው በዚሁ ስጋት ይመስለኛል። በኦርቶዶክስ አካባቢ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በፈቃድ መክፈት ይችሉ ነበር፤ ሃይማኖት ማስቀየር ግን ክልክል ነበር። ዛሬ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል።

እኔ አብሬያቸው የሠራሁት ቤተሰብ ፕሮቴስታንት መሆኑን ደብቆ አያውቅም። ቤታቸው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ወረፋ ላይ ለተቀመጠ በሽተኛ ግን አንድ ቀን ሲሰብኩ አላየሁም። አባትህ ቡድኑን ፊት ለፊት ይጠይቁ። «ስብከት ሳንሰማ ታክሙናላችሁ ወይ?» ይበሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ እንቢ ማለታቸው ተገቢ ነው። የታመመን ሰው ሕክምና ለስብከት መያዣ ማድረግ በደል ነው፤ ማንም ያድርገው ማን።

ዓይኑ ግን ጊዜ አይሰጥም። እናትህ ወረንጦ ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለው ይሆናል። ብዙ እናቶችን እንደዚያ አይቻለሁ። ማታ ማታ ልጅ በኩራዝ እያበራላቸው ይነቅላሉ። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ሲወጣ አጭርና እንደ እሾህ ይሆናል፣ የዓይኑን ብሌን እየፋቀ ያጠፋዋል። ይህ ትራኮማ ነው፣ የዓይን ማዝ። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው። የዓይኑን ቆብ ብቻ አደንዝዘው ፀጉሩን ወደ ውጭ ይመልሱታል። በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባሉ፣ በማግስቱ ተመልሰው ይታያሉ። የጠፋ ብርሃን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያተርፋል።

ደግሞም ፈረንጅ ብቻ የሚሠራው አይደለም። ለዚህ የሠለጠኑ የአገር ልጆች የሆኑ ነርሶች በየጤና ጣቢያው ይሠሩታል። አባትህ በሚስዮኖቹ ካልተደሰቱ እናትህን ወደዚያ ውሰዳቸው። ጠበሉም አይከለከልም። ቁስሉ እስኪድን ዓይናቸውን ሳይነካ ይጠጡት።

«ከውጭ ስመጣ በሁለት ሻንጣ መድኃኒት ሰብስቤ ለገጠር ሰው ላድል አስቤአለሁ። ጥሩ አይደል?»

አይደለም፣ ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ መድኃኒቱ አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል ይላል። ፈቃድም ያስፈልጋል። ስሙ በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ ግማሽ ብልቃጥ ሽሮፕ ያመጣውን ጣጣ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያውን «ምን አለቀባችሁ?» ብለህ ጠይቅና እዚሁ ገዝተህ አስረክብ።

«ባለቤቴ ሐኪም ናት። የምንኖረው አሜሪካ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ለሁለት ዓመት ጎጃም ገጠር ልናገለግል እንፈልጋለን። ልጆቻችን 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። ልጆቹን እየበደልናቸው ይሆን?»

ያየሁትን ልንገርህ። አብሬያቸው የሠራሁት ሐኪም ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ይወጣ ነበር። የሚመለሰው ከመሸ ነው። ሚስቱ ጠዋት ልጆቿን ታስተምራለች፣ ከሰዓት መድኃኒት ቤቱን ትይዛለች፣ ማታ እንግዳ ታስተናግዳለች። የግቢው በር ሌሊትም ይንኳኳል። ወንዝ ተሻግሮ በቃሬዛ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? አንድ ቀን ትልቋ ልጅ አጠገቤ ሆና ፋሻ እየጠቀለለች «አባቴ ያልታመመ ሰው ማየት አይችልም» አለችኝ። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነበር። ማታውን ለወላጆቿ ነገርኳቸው። እናትየዋ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ለልጆቻቸው ሰጡ። ለቀበሌውም ለካህናቱም አስቀድመው ነገሩ። ድንገተኛ በሽተኛ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ መኪና አዘጋጁ። ሰው ይቀየማል ብለው ፈርተው ነበር፤ ማንም አልተቀየመም። ቅዳሜን ማክበር ለጎጃም ሰው ማን ያስተምረዋል? እንዲያውም ሰዉ አከበራቸው።

ልጆቻችሁ መጀመሪያ ይከብዳቸዋል። በመንገዱ ሁሉ ሕፃን ተሰብስቦ ያፈጣል፣ ይከተላል። የሚያድናቸው ጓደኛ ነው። የዚያ ቤት ትንሹ ልጅ ዓመቱን ሙሉ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲባል ኖረ። ቡሄ ሲደርስ የጎረቤት ልጅ ጅራፍ ገምዶ ሰጠው። ሜዳ ላይ ሲያጮኸው ከሰነበተ በኋላ ሁሉም በስሙ ጠራው። የእናንተ ልጆች መልካቸው አበሻ ቢሆንም አማርኛ ካልቻሉ ያው እንግዳ ናቸው። ሳትመጡ በፊት ቤት ውስጥ አማርኛ አውሯቸው። ባለቤትህም ብትችል የመጀመሪያውን ስድስት ወር ለቋንቋና ለሰው ትስጠው። የሙያ ፈቃዷን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ።

ስለ ጤና ባጭሩ፦ እንደ ደብረ ማርቆስ ያለው ደጋ ላይ ወባ ብዙም አያሰጋም። አባይ በረሃ ስትወርዱ ግን አጎበር ያዙ። ልጆቹ በጣና ዳርቻም ሆነ በየወንዙ እንዳይዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለ። የውሻ በሽታ ክትባት ቀድማችሁ አስከትቡ፤ የገጠር ውሻ የሚያውቀው ጌታውን ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለውን ግጭት ደግሞ ታውቃላችሁ። እዚያው የሚኖር የምታምኑት ሰው «ኑ» ካላለ ልጅ ይዛችሁ አትነሱ። በዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

«ከደጀን ነው። አምና አንድ የሕክምና ቡድን መጥቶ ለእናቴ ‹ደም ግፊት አለብዎት› ብሎ የአንድ ወር ክኒን ሰጣት። ክኒኑ አለቀ። ቡድኑም አልተመለሰ። እናቴም ‹ድኛለሁ› ብላ ተቀምጣለች።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሳነብ ሆዴ ይባባል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚህ ካለ ቡድን ጋር ወጥቻለሁ። በአንድ ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አየን። ማታ መኪናው ሲነሳ ለጤና ጣቢያው አንድም ወረቀት አልቀረም። ማን ምን እንደተሰጠው የሚያውቅ የለም። ያ ቀን ዛሬም ይከነክነኛል።

የደም ግፊት ክኒን እንደ ወባ መድኃኒት ጨርሰውት የሚድኑበት አይደለም። ግፊቱ ሕመም ሳያሰማ ይቆያል፣ አንድ ቀን በስትሮክ ይጥላል። እናትህን ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ውሰዳት። የድሮው ክኒን ማሸጊያ ካለ ይዘህ ሂድ። ካርድ ይውጣላት። የጤና መድህን መታወቂያ ከሌላችሁ የምዝገባ ወቅቱን ከቀበሌው ጠይቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ንገራት፤ በየወሩ የምትጠይቃት እሷ ናት።

እንግዳ ቡድን ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ደግሞ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ይጠይቁ። «ከሄዳችሁ በኋላ ማን ጋ እንሂድ?» ይበሉ። ስሙንና ቦታውን የማይነግር ቡድን ክኒን ባያድል ይሻላል።

«ሠፈራችን እግሯ ያበጠ ሴት አለች። ዝሆኔ ነው ይላሉ። ቡና አንጠራትም። ልጇንም ለጋብቻ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ወር የፈረንጁ ሐኪም ሚስት ደጃፏ ላይ ተንበርክካ እግሯን ስታጥባት አየሁ። በጣም አፈርኩ። በሽታው አይተላለፍም እንዴ?»

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በእጅሽ ብትነኪያትም፣ አብረሻት ብትበዪም አይዝሽም።

በደጋችን የምናየው የእግር ማበጥ አብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣቱ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባል። ለዓመታት ሲጠራቀም ፈሳሽ የሚወርድበትን ቧንቧ ይደፍነዋል። ይህን በፈረንጆች 1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እርግማንም፣ እባብ የሄደበትን መርገጥም አይደለም። በዘር ይሄዳል የሚባለው ግማሹ እውነት ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ አፈሩ ይበረታል። ነገር ግን ያቺ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ ካደረገች አይነካትም። ይህን ለሠፈሩ ንገሪ። ጋብቻዋን የዘጋው ወሬ ነው።

ያየሽው እጥበት ራሱ መድኃኒት ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2018 (በፈረንጆች) ታትሟል። እግርን አዘውትሮ ማጠብ፣ መቀባት፣ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ብቻውን እግሩ እየተቆጣ ሰው የሚጥልበትን ጊዜ ቀንሷል።

እኛ ስንሠራው እንዲህ ነበር። ሳፋ ውስጥ ንጹሕ ውሃና ጥቂት ጠብታ በረኪና። እግሩ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። በጣቶቹ መካከል በጨርቅ እየተነካ ይደርቃል፤ እዚያ ላይ መቸኮል የለም፣ ሽታውም ቁስሉም የሚነሳው ከዚያ ነው። ቫዝሊን ይቀባል። ካልሲና ሰፊ ጫማ ይደረጋል። ማታ እግሩ ከፍ ብሎ ያድራል።

አንድ ሐሙስ ቀን እንዲህ ስናጥብ የደብሩ ቄስ በመንገድ ሲያልፉ አዩን። ቆሙ። «ጸሎተ ሐሙስን ቀድማችሁኝ?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ጆጉን ከእጄ ተቀበሉ። ውሃውን ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የሠፈሩ ሴቶች ከዚያች እናት ቤት ቡና ጠጡ።

አንቺም ፈረንጇን አትጠብቂ። እሷ አንድ ቀን ወደ አገሯ ትሄዳለች። ነገ ጠዋት ሳሙናና ሳፋ ይዘሽ ሂጂ። ካልሽም ጀበናውን ጨምሪበት። ከማጠብሽ በፊት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እግሯን በክር ለኪና ክሩ ላይ ቋጠሮ አድርጊበት። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ክር ለክተሽ ጻፊልኝ።