ስሟ የማይጠራ እመቤት፦ ስለ ጥንቱ የፈረንሳይ የፍቅር ዘፈን ከአንባቢዎች

ስለ ትሩባዱሮች፣ ማለትም ስለ መካከለኛው ዘመን የደቡብ ፈረንሳይ የፍቅር ዘፈን ደራሲዎች፣ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትሩባዱርና ትሩቬር አንድ ናቸው?

የሚለያቸው ቋንቋና አገር ነው። ትሩባዱሮች በደቡብ ፈረንሳይ በኦክሲታንኛ፣ ትሩቬሮች በሰሜን በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ገጠሙ። ደቡቦቹ ይቀድማሉ፤ ግጥሙ ከደረሰን ትሩባዱሮች የመጀመሪያው በ1071 የተወለደው የአኪቴን መስፍን ጊዮም 9ኛ ነው።

ታዲያ እንደ እኛ አዝማሪ ነበሩ?

ከግብዣ ግብዣ እየዞረ፣ እየዘፈነ የሚያድረው ዦንግለር ይባል ነበር፤ ለአዝማሪ የሚቀርበው እሱ ነው። ትሩባዱርና ትሩቬር ግጥምና ዜማ ደራሲዎች ናቸው። መስፍን አለባቸው፣ ንጉሥም አለባቸው፤ የሻምፓኙ ትሩቬር ቲቦ በ1234 የናቫር ዙፋን ላይ ወጥቷል።

ያቺ በዘፈኖቻቸው የሚለማመጧት ሴት በእውነት ነበረች? በመጨረሻስ አገቧት?

ማግባቱን እርሱት። እመቤቲቱ ብዙ ጊዜ የሰው ሚስት ናት፤ አፍቃሪው ደግሞ ለጌታው እንዳደረ ሎሌ ደጅ ይጠናታል። «ሚዶንስ» ብሎ ይጠራታል፤ ብዙ አዋቂዎች ቃሉን «ጌታዬ» ብለው ይፈቱታል፣ በወንድ አንቀጽ! እውነተኛ ስሟን ግን አያወጣም። «ሰኛል» የሚሉት የሽፋን ስም ይሰጣታል፤ ትሩባዱሩ በርናርት ደ ቬንታዶርን «ውብ እይታ» የሚላት አለችው።

እገሌ እገሊትን ወደደ የሚሉት ወሬዎች በብዛት የመጡት «ቪዳ» ከተባሉት አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ነው። ጸሐፊዎቹ ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ ብዙውን ታሪክ ከዘፈኑ ከራሱ ፈልቅቀው ሠርተውታል። ትሩባዱሩ ዣውፍሬ ሩዴል ያላያትን የትሪፖሊ (የሊባኖሷ) እመቤት ወድዶ፣ ባሕር ተሻግሮ እቅፏ ውስጥ ሞተ ይላሉ። ስለ ሩቅ ፍቅር መግጠሙ እርግጥ ነው። ሞቱን ግን የቀጠሉለት ይመስለኛል፤ ሲያምር ይጠራጠሯል።

ሴት ገጣሚዎችስ አልነበሩም?

ነበሩ፤ ትሮባይሪትስ ይባላሉ። ከእነሱ ሥራ ዜማው የተረፈው የዲያ ኮንቴሳ (የመኳንንት ወገን ሴት) አንድ ዘፈን ብቻ ነው። የከዳትን ሰው ትወቅስበታለች፤ ክብሬ፣ ዘሬ፣ ውበቴም ይሟገቱልኝ ትለዋለች። ከወንዶቹ ልመና ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የትሩባዱርን ዘፈን አንዱ በከበሮ ያስጨፍረዋል፣ ሌላው ያለ መሣሪያ ያንጎራጉረዋል። የትኛው ነው ልክ?

ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ወደ 2,500 ከሚጠጉት የትሩባዱር ግጥሞች ዜማ ያላቸው አንድ አሥረኛው ያህል ናቸው፤ ሰሜኖቹ በዚህ ይበልጧቸዋል። ዜማዎቹን የያዙት መጻሕፍትም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተገለበጡ ናቸው። ኖታው ድምፁ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይነግረናል። የትኛው ድምፅ ይርዘም፣ የትኛው ይጠር ለሚለው ግን በአብዛኛው መልስ የለውም፤ መሣሪያም አያዝም። ስለዚህ ከበሮው የዛሬው ሙዚቀኛ ግምት ነው። እኔ አንድ ድምፅ ብቻውን ሲያዜመው እመርጣለሁ፤ ቃሉ ይሰማልና።

በልብ ቅርጽ የተጻፈ ኖታ ፎቶ አየሁ። በኮምፒውተር የተሠራ ነው?

አይደለም። የዜማ ደራሲው የቦድ ኮርዲየ ሮንዶ (አዝማቹ እየተመላለሰ የሚመጣ ዘፈን) ነው፤ መጽሐፉ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሻንቲዪ ይገኛል። ኮርዲየ ከትሩባዱሮቹ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በእሱ ዘመን ኖታው ርዝመትንም መናገር ችሏል። ቀይ የሆኑት ኖታዎች ለጌጥ ብቻ የተቀለሙ እንዳይመስልዎ፤ የርዝመቱ አቆጣጠር መለወጡን ያመለክታሉ። ግጥሙን ጠጋ ብለው ይዩት፤ «ልብ» የሚለው ቃል በሚገባበት ቦታ ጸሐፊው ትንሽ ቀይ ልብ ሥሎበታል።